ወደን ወይስ ተገደን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በቋንቋችን «ፈቃድ» የምትባለው ቃል ሁለት ጌቶች አሏት። አንደኛው ጌታዋ ከእኛ ውጭ የሚኖር ነው። የመንጃ ፈቃድ፣ የንግድ ፈቃድ፣ የሕመም ፈቃድ ስንል ሌላ ሰው ፈርሞና ማኅተም መትቶ የሚሰጠንን ነገር ማለታችን ነው። ሁለተኛው ጌታዋ ደግሞ በውስጣችን አለ። «በገዛ ፈቃዴ አደረግሁት» ስንል ማንም ሳያዝዘኝ፣ ማንም ሳያስፈራራኝ፣ ልቤ ወዶት ማለታችን ነው። አንዲት ቃል «ፈቀዱልኝ»ንና «ፈቀድሁ»ን በአንድነት እንዴት ልትሸከም እንደቻለች ለሰዋስው ሊቃውንት እንተወውና፣ እኛን የሚያሳስበን በኑሯችን ውስጥ የትኛው ፈቃድ እንደሚበዛ ነው።

ጉዳዩን እንድናነሣው ምክንያት የሆነን በወጣቶች ክፍል ውይይት ላይ የቀረበ አንድ ጥያቄ ነው። ጠያቂው «ዐቢይ ጾምን የምጾመው ወድጄው ነው ወይስ እናቴ ስለምትቆጣ? በቤት ውስጥ ብቻዬን ብሆንና ማንም ባያየኝ እጾም ነበርን?» ብሎ ነበር። ግማሾቻችን ሳቅን፤ የቀሩት ዝም አሉ። ዝምታው ከሳቁ ይልቅ ብዙ ነገር ተናገረ። ጥያቄው ስለ ጾም ብቻ አይደለምና። በመዝሙር ክፍል የምናገለግለው፣ በትምህርት ቤት የምናጠናው፣ የሙያ ምርጫችንና የትዳር ምርጫችን ሁሉ በዚያው ጥያቄ ሥር ይወድቃል።

እንግዲህ በመጀመሪያ በመካከላችን የሚኖረውን አንድ ብርቱ ገዥ እንጥራው። ስሙ ይሉኝታ ነው። ቃሉን ልብ ብላችሁ አድምጡት። «ይሉኛል» ከሚለው የተወለደ ነው። ባዮቹ እነማን እንደሆኑ አይታወቅም፤ «እነሱ» ናቸው። እነሱ የሚባሉት የጎረቤት ሰዎች ይሁኑ፣ የእድር ሰዎች ይሁኑ፣ ወይም በልባችን የምንስላቸው ሰዎች ይሁኑ ማንም ጠይቆ አያውቅም። ሆኖም በእነዚህ ስም በሌላቸው ሰዎች አንደበት ስንቱን ሥራ ሠራን፣ ስንቱንስ ተውን!

ይሉኝታን ፈጽመን ልንኰንነው አንችልም። «ይሉኝታ ቢስ» መባል በአገራችን ከባድ ስድብ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በኮልፌ መንደሮች ለቅሶ ሲደርስ ከሚመጡት ሰዎች መካከል ይሉኝታ የነዳቸው ጥቂት አይሆኑም፤ ይሁን እንጂ ኀዘንተኛው በእነርሱም መምጣት ይጽናናል። ውኃውን ማን ወዶ ማን ተገዶ እንደቀዳው የተጠማ ሰው አይጠይቅም። የይሉኝታ ችግር ሌላ ነው፤ የሚሠራው በሚታይበት ስፍራ ብቻ ነው። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ መጽሐፉንና ብርድ ልብሱን ይዞ ይሄዳል፤ ይሉኝታው ግን አጠና ተራ ላይ ይቀራል። እዚያ የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በጥቂት ወራት ውስጥ ጾሙም፣ ጸሎቱም፣ ጥናቱም አንድ በአንድ ሲወልቅ እናያለን። ሰዎች «ከተማ አበላሸው» ይላሉ። እኛ ግን የተበላሸ ነገር ስለመኖሩ እንጠራጠራለን። ቀድሞም በእርሱ ላይ እንደ ተውሶ ልብስ የተደረበ እንጂ በውስጡ የበቀለ አልነበረም ማለት ይሻላል።

የዛሬው ይሉኝታ ደግሞ አዲስ መሣሪያ አግኝቷል። ወደ ዘነበወርቅ ሄደን ሕሙማንን ስንጠይቅ ፎቶግራፉ በዚያው ምሽት በቴሌግራም ካልወጣ የሄድን የማይመስለን አለን። ስልክ የያዘ ሁሉ «እነሱ»ን በኪሱ ይዞ ይዞራል።

ከዚህ ቀጥለን በሠፈራችን የተፈጸመ አንድ ነገር እንናገር፤ ብዙዎች ወጣቶች የሚያውቁት አይመስለንምና። በ1954 ዓ.ም. ክረምት፣ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962፣ ኔልሰን ማንዴላ እዚሁ ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ውስጥ ወታደራዊ ትምህርት ተምሯል። ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም የተጻፈ የኢትዮጵያ ፓስፖርትም ተሰጥቶት ነበር። ስድስት ወር እንዲቆይ ታስቦ ድርጅቱ በአስቸኳይ ስለጠራው ሁለት ወር ያህል ብቻ ቆየ። ከጠዋት ጀምሮ ተኩስ ይለማመዳል፣ ከምሳ በኋላ እንደገና ይቀጥላል፣ አመሻሹ ላይ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ስለ ውትድርና ጥበብ ያስተምሩታል። በእነዚህ ዳገቶች ላይ ረጅም ጉዞም ያደርግ ነበር። መሣሪያ ማንሣቱ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እዚህ አንገባበትም። እኛ የፈለግነው ስለ ውስጥ ነጻነት የሚያስተምረንን ነው።

ማንዴላ የሕይወት ታሪኩን በጻፈበት መጽሐፍ ውስጥ የሚናገረው አንድ ነገር አለ። ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተሳፈረ፤ አብራሪውም ጥቁር ሰው መሆኑን አየ። ከዚያ በፊት ጥቁር አብራሪ አይቶ አያውቅም ነበርና ለቅጽበት ደነገጠ። ጥቁር ሰው እንዴት አውሮፕላን ሊያበር ይችላል ብሎ ፈራ። ወዲያውም ራሱን ያዘ። አፓርታይድን የሚዋጋው ሰው አፓርታይድ ያስተማረውን አስተሳሰብ በገዛ ልቡ ውስጥ ተቀምጦ አገኘው። ከአገሩ ሸሽቶ ወጥቷል፣ አሳዳጆቹ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀዋል፣ እነርሱ ያስቀመጡት ድምፅ ግን ከእርሱ ጋር ተሳፍሯል። ይህ ታሪክ እኛን እጅግ ያስደንቀናል። ሰው ያለ ጠባቂም ሊታሰር እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ይሁን እንጂ ማንዴላ ያንን ድምፅ ሰምቶ «ይህ የእኔ አይደለም» ማለት ቻለ። በልባችን ከሚሰማው ድምፅ መካከል የራሳችን የሆነውንና ሌላ ሰው ያስቀመጠብንን መለየት የነጻ ፈቃድ የመጀመሪያው ሥራ ሳይሆን አይቀርም።

(በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አንባቢን የሚያስቅ ነገርም አለ። ኮሎኔሉ በአንድ ትምህርታቸው ከሥራ ሰዓት ውጭ አለቃ ከተራ ወታደር ጋር ፍጹም እኩል መሆን እንዳለበት ያስረዱ ነበር። በዚህ መካከል አንድ የበታች ሹም አንድ መቶ አለቃ ፈልጎ ገባ። ኮሎኔሉ ከእንግዳ ጋር ስነጋገር አታይምን ብለው ተቆጥተው አስወጡትና ትምህርታቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። ማስተማር ቀላል፣ ውስጥ መግባት ግን ከባድ መሆኑን ማንዴላም ሳያስተውለው አልቀረም።)

ከኮልፌ ወጥቶ ወደ አገሩ እንደተመለሰ ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዘ፤ ከዚያም 27 ዓመት ታሰረ። በእስሩ ዘመን በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ አጋማሽ የደቡብ አፍሪቃው ፕሬዚዳንት ቦታ የኃይል ትግልን ከካደ እንደሚፈታው ነገረው። የሚጠበቅበት አንድ ቃል ብቻ ነበር። እርሱ ግን እምቢ አለ። መልሱንም የካቲት 3 ቀን 1977 ዓ.ም. ልጁ ዚንድዚ በሶዌቶ ስታዲየም ለሕዝብ አነበበችው። ሐሳቡ ባጭሩ እስረኛ ውል ሊገባ አይችልም፣ ሕዝቤ ባልተፈታበት እኔ ብቻ በቅድመ ግዴታ አልፈታም የሚል ነበር። ከዚያም አምስት ዓመት ተጨማሪ ታስሮ የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ያለ ቅድመ ግዴታ ወጣ። በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ጠባቂው ነው፤ እሺና እምቢ የማለት ሥልጣን ግን በክፍሉ ውስጥ በተቀመጠው ሰው እጅ ነበር። አንዳንዶቻችን በራችን ክፍት ሆኖ ሳለ ይህ ሥልጣን የለንም።

አሁን ወደ ሰንበት ትምህርት ቤታችን እንመለስ። ለሕፃናት ክፍል ዳዊት በቃሉ ላጠና፣ ሳይቀር ለመጣ፣ ጥያቄ ለመለሰ ደብተርና እስክርቢቶ እንሸልማለን። መልካም ነገር ይመስላል፤ ከበጎ ሐሳብም የመነጨ ነው። ነገር ግን የሥነ ልቡና ሊቃውንት ስለ ሽልማት ያገኙትን ብንሰማ ይጠቅመናል።

ኤድዋርድ ዴሲ የተባለ አሜሪካዊ በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን ሰብስቦ ቁርጥራጮችን እየገጣጠሙ ቅርጽ የሚሠሩበትን እንቆቅልሽ ሰጣቸው። ጨዋታው በራሱ ደስ የሚል ነበር። ከፊሎቹን በሁለተኛው ቀን ለሠሩት ቅርጽ ሁሉ አንድ አንድ ዶላር ከፈላቸው፤ ሌሎቹን ምንም አልከፈላቸውም። በመካከሉ ምክንያት ፈጥሮ ከክፍሉ ይወጣና ተማሪዎቹ ማንም ሳያዛቸው በእንቆቅልሹ ምን ያህል እንደሚጫወቱ በሥውር ይለካ ነበር። ክፍያው በቀረበት በሦስተኛው ቀን የተከፈላቸው ተማሪዎች ፍላጎታቸው ቀነሰ። ገንዘቡ ሲመጣ ጨዋታው ሥራ ሆነ፤ ገንዘቡ ሲሄድ ሥራውም አብሮ ሄደ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ተመሳሳይ ነገር አዩ። ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን መርጠው ለአንደኛው ቡድን «ብትሥሉ ባለ ኮከብና ባለ ሪባን የምስክር ወረቀት እንሰጣችኋለን» አሉ። ለሁለተኛው ቡድን ሳይናገሩ ሥለው ከጨረሱ በኋላ በድንገት ሰጧቸው። ለሦስተኛው ምንም አልሰጡም። ከአንድና ሁለት ሳምንት በኋላ ቀለሙን በክፍሉ ውስጥ አስቀምጠው ቢያዩ፣ ሽልማት ተነግሯቸው የሣሉት ሕፃናት ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ጊዜ ብቻ ነበር በሥዕል ያሳለፉት። በድንገት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ስለዚህ ጉዳቱ ያለው በወረቀቱ ላይ አይደለም። ሕፃኑ በልቡ «የምሥለው ለምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ ነው የተለወጠው። ቀድሞ «ስለምወደው» ነበር፤ በኋላ «ለወረቀቱ» ሆነ። ዴሲም ራሱ ከልብ የሆነ የምስጋና ቃል ፍላጎትን እንደማያጠፋ፣ እንዲያውም እንደሚጨምር አይቷል። እንግዲህ ደብተሩን እንስጥ፤ ነገር ግን አስቀድመን እንደ ደመወዝ አንነገር የሚለው ሐሳብ ለሕፃናት ክፍል ኃላፊዎች ይድረስልን።

ስለ ሽልማት ስንናገር የቆሎ ተማሪ ትዝ ይለናል። የጥንቱን የአብነት ትምህርት ያየ ሰው ስለ ውስጣዊ መነሣሣት ከፈረንጅ አገር ጥናት በፊት የሚያውቀው ነገር አለው። ልጁ ብዙ ጊዜ እናትና አባቱን ሳያስፈቅድ ተደብቆ ይወጣል፤ ከብት ጠባቂ አጣን ብለው ይመልሱታልና። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ውሻ እየተከላከለ ይማራል። ስም የሚጠራበት መዝገብ የለም። በወሩ መጨረሻ የሚሰጠው ውጤት የለም። መምህሩ ካልተስማማው፣ ወይም የሌላ መምህር ዝና ከሰማ፣ አኮፋዳውን አንሥቶ ይሄዳል። ቅኔን ለመማር ዋድላ ይሂድ፣ ዋሸራ ወይም ጎንጅ፣ የሚመርጠው እርሱ ነው። እዚያ ከደረሰ በኋላ ግን ሥርዓቱ ብርቱ ነው፤ ቅጣትም አለ፤ ለመምህሩ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል። ሙሉ ነጻነትና ሙሉ መታዘዝ በአንድ ደበሎ ውስጥ ይኖራሉ።

በተለይ ቅኔ ያስደንቀናል። ተማሪው ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ ቅኔ ይቈጥራል፤ ማታ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ከሁለት ስንኝ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እየጠነከረ ወደ መወድስ ይደርሳል። በሰው ቅኔ መቀኘት ነውር ነው፤ ትናንት የተናገረውንም ዛሬ አይደግመውም። ሰዋስውን ከመምህሩ ይቀበላል፣ መንገዱን ከአባቶች ይቀበላል፣ የሚናገረው ነገር ግን የራሱ መሆን አለበት። ይህን ትምህርት ቤት ያቋቋሙት አባቶች ወጣቱ የራሱን ቃል እንዲናገር መፍቀድ ብቻ ሳይሆን አዘዙት። እኛ ዛሬ በውይይት ክፍለ ጊዜ የተጻፈልንን ብቻ ስናነብ ከእነርሱ ወደ ኋላ የቀረን መሆናችንን ማን ያስብ?

በሌላ በኩል የተገደደ በጎ ሥራ ምን እንደሚሆን አገራችን አይታለች። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር ላከ። የሚገርመው ተማሪዎቹ ቀድሞም የገበሬው ጉዳይ የራሳቸው ጉዳይ ነበር፤ «መሬት ለአራሹ» ብለው ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ሰልፍ የወጡ እነርሱ ነበሩና። ብዙዎች በእውነት ወደው ዘመቱ። ነገር ግን ያልዘመተ አይማርም፣ ሥራም አይቀጠርም ተባለ። ወደህ ልትሄድበት የነበረውን መንገድ ከኋላህ ሰው ሲገፋህ እግርህ ይከብዳል። ቀኑ ሳያልቅ ዘመቻውን ጥለው የጠፉ፣ ከዘመቻው አመራር ጋር የተጣሉ ብዙዎች ነበሩ። ለዚህ ሌላም ፖለቲካዊ ምክንያት ስለነበረው ሁሉንም በግዴታው ላይ አንጭንም። አማርኛችን ግን ነገሩን ቀድሞ ያውቀዋል፤ «ወዶ ዘማች» እና «በአፈሳ የተያዘ» የሚባሉትን ሰዎች አንድ ጠመንጃ ቢይዙም በአንድ ስም አይጠራቸውም።

እስካሁን የተናገርነውን ሰምተው የሚቃወሙን አባቶችና እናቶች ይኖራሉ፤ ተቃውሟቸውም ከባድ ነው። «ልጁ እስኪወድ ብንጠብቀው ፊደል ይቈጥር ነበርን? ጾምን በፍላጎት ብናደርገው ማን ይጾማል? በቤተ ክርስቲያን ቋንቋስ የራስ ፈቃድ ማለት ስድብ አይደለምን?» ይላሉ። በእርግጥም መነኩሴ የራሱን ፈቃድ ቈርጦ ይጥላል፤ እኛም በየቀኑ የእርሱ ፈቃድ እንዲሆን እንጸልያለን።

ለዚህ ተቃውሞ መልስ የምናገኘው ከጥምቀታችን ነው ብለን እናስባለን። ወንዶቻችን በ40 ቀን፣ ሴቶቻችን በ80 ቀን ተጠመቅን። ማንም አልጠየቀንም፤ ብንጠየቅም አፍ አልነበረንም። ስለ እኛ የመለሱልን የክርስትና አባትና የክርስትና እናት ናቸው። ቋንቋችንንም አልመረጥንም፣ እናታችንንም አልመረጥንም፣ ኮልፌንም ብዙዎቻችን አልመረጥናትም። ነጻ ፈቃድ ማለት ሁሉን ነገር ከራስ መጀመር ከሆነ እንግዲያስ በዓለም ላይ ነጻ ሰው የለም። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ሌላ ሰው የጀመረልኝን ነገር አንድ ቀን አንሥቼ፣ አገላብጬ አይቼ፣ «ይህ የእኔ ነው» ብዬ መቀበሌ ነው የእኔ የሚያደርገው። መነኩሴም ቢሆን ፈቃዱን የሚቈርጠው በአመክሮ ከቆየና ራሱን ከመረመረ በኋላ በፈቃዱ ነው። ፈቃድ የሌለው ሰው የሚሰጠው ፈቃድ የለውም።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ስለ ጠፋው ልጅ ስንሰብክ ታላቁን ወንድም እናልፈዋለን። እርሱ ከቤት አልወጣም፣ ትእዛዝ አልጣሰም፣ ገንዘብ አላባከነም። ነገር ግን ወንድሙ ሲመለስ የተናገረውን ስታነቡ እነዚያን ዓመታት ሁሉ እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ባሪያ ሲቆጥር እንደኖረ ታያላችሁ። የአባቱ ቤት የእርሱ ቤት አልነበረም። በሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ የምንፈራው የጠፋውን ልጅ ነው፤ ከታላቁ ወንድም ግን መዝገቡ ይሞላል፤ ስለዚህ አንጠይቀውም። ቅዱስ ጳውሎስ ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና ሲጽፍ ለማዘዝ ሥልጣን እያለው ለመነ እንጂ አላዘዘም። ምክንያቱንም በ14ኛው ቁጥር ላይ ይነግረናል፤ የፊልሞና በጎነት በግድ እንዲሆን አልወደደም። ሲራክም በ15ኛው ምዕራፍ እሳትና ውኃ በፊታችን እንደቀረቡና እጃችንን ወደ ወደድነው መዘርጋት የእኛ እንደሆነ ያስተምራል።

ሪቻርድ ራያን የተባለው የዴሲ የሥራ ባልደረባ ከሁለት አጥኚዎች ጋር ሆኖ በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ክርስቲያኖችን ስለሚጸልዩበትና ቤተ ክርስቲያን ስለሚሄዱበት ምክንያት ጠየቀ። አንዳንዶቹ የሚያደርጉት ባያደርጉ ጸጸት ስለሚያስጨንቃቸውና ሰው ስለሚታዘባቸው ነበር። ሌሎቹ ደግሞ አምነውበትና ዋጋ ሰጥተውት ነበር። ሁለቱም ያው ጸሎት ይጸልያሉ፤ ነገር ግን የፊተኞቹ ጭንቀትና የመንፈስ መጫን ሲበዛባቸው፣ የኋለኞቹ የተሻለ ጤና ነበራቸው። የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ይህ ጥናት ብቻውን አይወስንም። ቢሆንም ይሉኝታን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይመስለንም። «ይህ የምዕራባውያን ነገር ነው፣ እኛ በማኅበር የምንኖር ሕዝብ ነን» ለሚልም፣ በ2003 እ.ኤ.አ. በደቡብ ኮሪያ፣ በሩሲያ፣ በቱርክና በአሜሪካ የተደረገ ጥናት አለ። በአራቱም አገር በማኅበር ሥርዓት የሚኖርም ሆነ ለብቻው የሚቆም ሰው የሚያደርገውን አምኖበት ሲያደርገው ኑሮው ይሻል ነበር። ለአባት መታዘዝም ቢሆን ወዶ መታዘዝ አለ፤ ሳይወዱ መታዘዝም አለ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር ሲነገር ከተፈተኑት ወደ 900,000 ከሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በየሠፈሩ የነበረውን ኀዘን ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታትም ያለፉት ጥቂቶች ናቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «ለምን ትማራለህ?» ሲባል «ለማለፍ» ብሎ የመለሰ ልጅ ማለፉ ሲቀር ምን ይቀረዋል? አንዳንዶቹ መጽሐፍ ዳግመኛ አልገለጡም። ጥፋቱ የእነርሱ ነው አንልም፤ ለማወቅ ብለው እንዲማሩ ማን ነግሯቸው ነበር? የሚማሩትን ክፍል እንኳ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ ይሁን የኅብረተሰብ ሳይንስ፣ ብዙ ጊዜ የመረጠላቸው አባት ወይም ታላቅ ወንድም ነው። ከእነዚሁ መካከል ደግሞ ፈተናውን ወድቀው በሠፈሩ ጋራዥና እንጨት ሥራ ቤት የገቡ አሉ፤ ማታ ማታ ስለ ሞተርና ስለ መብራት መስመር በስልካቸው ሲያነቡ የምናያቸው። ማንም አይፈትናቸውም።

ለሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የሥራ አመራሩ አንድ ሐሳብ አቅርቧል። የወጣቶች ክፍል አባል ሦስት እሑድ ያለ ምክንያት ከቀረ ከመዝሙር ክፍል ይታገድ የሚል ነው። ዓላማው መልካም መሆኑን አንጠራጠርም፤ ለበዓል ዝማሬ ያልተለማመደ ሰው በመካከል ሲቆም የሚደርሰውን ሁላችንም እናውቃለን። የልምምድ ቀን መቅረትን በሚመለከት ደንቡን እንደግፋለን፤ አብሮ የሚዘምር ሰው ለባልንጀሮቹ ግዴታ አለበትና። የእሑዱን ትምህርት በሚመለከት ግን የምንጠይቀው ሌላ ነው። ሦስት እሑድ የቀረውን ሰው ከመዝገቡ ከመሰረዛችን በፊት ሁለት ሰዎች ቤቱ ሄደው ለምን እንደቀረ ይጠይቁት፤ መልሱም ሳይቆጡት ይሰማ። ትምህርቱ ሰልችቶት ከሆነም ይንገረን፤ ይህ ስለ እርሱ ብቻ ሳይሆን ስለ ትምህርቱም የሚነግረን ነገር አለና። በዚህ ላይ የተለየ አስተያየት ያላችሁ ጽፋችሁ በክፍሉ ሣጥን ውስጥ ክተቱ። ስማችሁን መጻፍ ወይም አለመጻፍ የእናንተ ፈቃድ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።